አንድ ጳጉሜን፣ ሦስት መዝገብ

ሀይሌ ጋርመንት ባለው የአትክልት ገበያ ሽንኩርት በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንድ ነጋዴ አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሳቸው አይደለምና። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ጃን ሜዳ ሲሰፍር፣ ኋላም ወደ ሀይሌ ጋርመንት ሲዛወር፣ አብረው የተዛወሩ ሰው ናቸው። እኛ ደግሞ በዚያው ሠፈር አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት በጋራ ተከራይተን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ጋሼ የዱቤ መዝገባቸው በደብተር መሆኑ ስላስቸገራቸው፣ እኛም የተማርነውን በሥራ ለማየት ስለጓጓን፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ በኮምፒዩተር የሚሠራ የዱቤ መዝገብ አዘጋጀንላቸው። አንዱ በስልክ የሚሠራ ነው፤ ገበያው መካከል ቆሞ ሽንኩርቱን ለሚያስረክበው ልጃቸው። ሁለተኛው በመጋዘኑ ኮምፒዩተር ላይ፣ ለሒሳብ ያዡ። ሦስተኛው በዌብሳይት፣ መቂ ለሚኖሩት ሸሪካቸው።

ሦስቱን ሦስት ሰው ሠራቸው፤ አራተኛችን ከጋሼ ጋር መነጋገሩን ያዘ። ቀኑን የሚቆጥረው፣ ኩንታሉን ወደ ኪሎ የሚመልሰው፣ ዕዳውን የሚደምረው ክፍል ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነው። ሦስቱም የተጻፉት በጃቫስክሪፕት ስለሆነ የቋንቋ ልዩነት እንኳ ምክንያት ሊሆነን አይችልም። ታዲያ ምን አደረግን? አንዱ የጻፈውን ፋይል ሌሎቹ በፍላሽ ገልብጠው ወሰዱና እያንዳንዱ በየላፕቶፑ ለብቻው አሳደገው። በሐምሌ ወር የዌብሳይቱን የሚሠራው ጓደኛችን ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ሆና መጻፏን አየ፤ አረመውም። በቴሌግራም «ጳጉሜን አስተካክያለሁ» ብሎ ላከልን። ሁለታችን የአውራ ጣት ምልክት አደረግንለት። የኮምፒዩተሩን የያዘው በራሱ መንገድ፣ በራሱ ፋይል አረመ። የስልኩ ግን እንደነበረ ቀረ፤ ያዡ በዚያ ሳምንት ፈተና ነበረበት፤ በኋላም ረሳው።

2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ነበራት። በስድስተኛዋ ቀን ከጀሞ ለችርቻሮ የሚመጡ አንዲት እናት ሁለት ኩንታል ሽንኩርት በዱቤ ወሰዱ። ስልኩ ጳጉሜን 6 የሚባል ቀን አያውቅምና መስከረም 1 ብሎ ጻፈው። ሒሳብ ያዡ ከወረቀቱ ደረሰኝ አይቶ በመጋዘኑ ኮምፒዩተር ጳጉሜን 6 ብሎ መዘገበው። ማታ ሁለቱ መዝገቦች ሲገናኙ፣ ቀናቸው ስላልተመሳሰለ ሁለት የተለያየ ዱቤ ሆነው ተቀመጡ። ሁለቱ ኩንታል አራት ሆነ። በመስቀል ሰሞን ሴትዮዋ ዕዳቸውን ሊከፍሉ ሲመጡ እጥፉን ተጠየቁ፤ በገበያው ሰው ፊትም ካዱ ተባሉ። እኛን አስጠሩን። «ልጆቼ፣ እኔ ሽንኩርት የወሰድኩት አንድ ቀን ነው፤ የእናንተ ማሽን ሁለተኛውን ቀን ከየት አመጣው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ይልቁንም መልሱን ከመካከላችን አንዱ ከሐምሌ ጀምሮ ያውቀው ነበር። ጋሼ አሮጌውን ደብተር አውጥተው አዩት፤ እዚያ ላይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቁ፤ ወደ ደብተራቸውም ተመለሱ።

ይህን ገመናችንን በኅብረታችን ጋዜጣ የምናወጣው ለመናዘዝ አይደለም። በትምህርት ክፍላችን ስንዘዋወር ይኸው በሽታ በየቡድኑ እንዳለ ስላየን ነው። ስሙ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የተባለ ዚፕ በቴሌግራም ሲመላለስ ይውላል። ተማሪው አላወቀም አይባልም፤ ያውቃል። ዕውቀቱ ግን በአንዱ ቅጂ ውስጥ ተቀብሮ ሌላው ቅጂ ሳያገኘው ይቀራል። የምንከሰውም ይህንኑ የቅጂ ሥርዓት ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ለአንዲት ጳጉሜን ይህን ያህል?» ይል ይሆናል። እስቲ ጳጉሜንን እንያት። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ተከታዩ ዘመነ ዮሐንስም እንደ ዛሬው አቈጣጠር በሴፕቴምበር 12 ይገባል። ይህንን ባሕረ ሐሳብ የተማረ ልጅ ያውቀዋል። ፕሮግራም የሚጽፈው ተማሪ ግን ከፈረንጁ ልማድ ተነሥቶ «ለ4 ሲካፈል ምንም የማይተርፈው» ብሎ ይጽፋል፤ ዓመቱንም ይስታል። ሌላው ደግሞ መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው ብሎ በቁሙ ይተክለዋል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2100 ባለው ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ አይሠራም። ማስረጃው ቅርብ ነው፦ የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጁ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። እኛ ግን ዛሬ በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. 1900 በፈረንጁ ዘንድ ሠግር ስላልሆነ በመካከሉ አንድ ቀን ፈቀቅ አለ። የእናንተን ፕሮግራም የአድዋን ቀን ጠይቁት። ማርች 2 ቀን 1896 ካላችሁ፣ ጦርነቱን በአንድ ቀን አዘግይቶታል ማለት ነው።

ይህን የመሰለ ረቂቅ ነገር በአንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ፣ በብዙ ዓይን ታይቶ መጻፍ ሲገባው፣ በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ በየዓመቱ በየቡድኑ እንደገና ይጻፋል፤ በየቡድኑም ውስጥ ለስልክ አንድ፣ ለኮምፒዩተር አንድ፣ ለዌብ አንድ እየተባለ ይባዛል። የሚያሳፍረው ደግሞ የኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር አይሲዩ በሚባለው የዩኒኮድ ማኅበር የጋራ ኮድ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ መሆኑ ነው። አንድሮይድም አይፎንም ይዘውት ይዞራሉ። በኪሳችን ያለውን ሳንጠይቅ ከባዶ እንጀምራለን።

ለየብቻ መሥራት ምን እንደሚያስከፍል የፊደላችን ታሪክ ከማንም በላይ ይመሰክራል። አማርኛ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ እያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ፓወር ግዕዝም ሆነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪም ሆነ ዋሽራ፣ ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ሰጠ። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ አለው፤ ፊደላችን ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፋፈለው፤ አከፋፈሉም እንደየሠሪው ሆነ። በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ቅራቅንቦ ይሆናል። እነዚያን ሰዎች ለመውቀስ አንደፍርም፤ የጋራ መለኪያ ባልነበረበት ጊዜ አማርኛን በማሽን ያስጻፉን እነሱ ናቸው። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ3.0 ስሪቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲቀበል 345 ምልክቶችን መዘገበ፤ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ ሌሎች ተጨመሩ፤ የመጨረሻዎቹ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ «ሀ» በሁሉም ማሽን አንድ ቁጥር አላት። ነገር ግን ከዚያ በፊት የተጻፈው ሰነድ እስኪለወጥ ድረስ ስንት ጉልበት ፈሰሰ! ቁጥሩን በጋራ አለመያዝ ያመጣውን መከራ አባቶቻችን ከፍለውታል፤ እኛ ኮዱን በጋራ ባለመያዝ እንደገና እየከፈልነው ነው። እነሱ ምርጫ አልነበራቸውም፤ እኛ አለን።

ከቶ እንዴት ይሠራል ለሚል፣ ምሳሌው ጣታችን ሥር ነው። ብዙዎቻችን አማርኛ የምንጽፍበት ኪይማን የተባለው ፕሮግራም በ1993 እ.ኤ.አ. ማርክ ዱርዲን ለላኦ ጽሕፈት ብሎ የጀመረው ነው፤ በ2015 ወደ ኤስ.አይ.ኤል. ተዛወረ፤ በ2017 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ማኅደሩን ማንም ገብቶ ሊያየው ይችላል። በአንድ ሪፖ ውስጥ ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለሊኑክስ፣ ለአንድሮይድ፣ ለአይፎንና ለዌብ የየራሳቸው አቃፊ አለ፤ ከእነሱ ጎን ደግሞ የጋራ የሆነው አቃፊ ተቀምጧል። የዊንዶውሱ አቃፊ የዊንዶውስን መስኮትና ቁልፍ ያውቃል፤ «ል» ከ«u» ጋር ሲገናኝ «ሉ» እንደሚሆን ግን ማወቅ አያስፈልገውም። እሱን የሚያውቀው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የጻፈው የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ነው። እሱም አንድ ፋይል ነው። ከዚያው ከአንዱ ፋይል ለኮምፒዩተር የሚሆነው ተዘጋጅቶ ይወጣል፤ ለስልክና ለዌብ የሚሆነውም እንዲሁ። ስሕተት ቢገኝ አንድ መስመር ይታረማል፤ ለሁሉም ይደርሳል።

አዳንቀን ብቻ እንዳንተወው፣ ኪይማንም ፍጹም አይደለም። ፊደል የሚያሰላው ሞተሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ለኮምፒዩተሮቹ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ አንድ፣ ለስልክና ለዌብ ሌላ። ሁሉንም ነገር የግድ አንድ ማድረግ አይቻልም፤ ልዩነት በእውነት ባለበት ልዩነቱ ይቀመጣል። ጥያቄው ልዩነቱ ከማሽኑ የመጣ ነው ወይስ ከእኛ ስንፍና? የሚል ነው። የእኛ ሦስት ጳጉሜኖች ከማሽን የመጡ አልነበሩም።

ከሁሉም የሚያናድደን ግን ጊት እንጠቀማለን የሚሉት አንዳንድ ጓደኞቻችን ናቸው። ሪፖ ይከፍታሉ፤ ከዚያ ለስልክ አንድ ብራንች፣ ለኮምፒዩተር አንድ ብራንች፣ ለዌብ አንድ ብራንች ያበጃሉ፤ ሠለጠንን ይላሉ። ይህ የፍላሹን ሥርዓት በጊት ልብስ መሸፈን ነው። ብራንች ለጊዜ ነው፤ አንድ ሥራ ተጀምሮ እስኪያልቅ ተለይቶ ይቆያል፤ ሲያልቅ ወደ ግንዱ ይመለሳል። የማይመለስ ብራንች ዕለት ዕለት እየራቀ ይሄዳል፤ በዓመቱ መጨረሻ ላዋሕድ ያለው ሰው በግጭት መስመር ተውጦ ያድራል። የማሽን ልዩነት መቀመጥ ያለበት በአቃፊ ነው። የሠፈራችንን ስም ያወጣውን ሥራ ብታዩ ይገባችኋል፦ ልብስ ቆራጩ አንድ ንድፍ ይዞ ለትንሽም ለትልቅም ቁጥር ያሰፋዋል፤ ያጠበዋል፤ ኮሌታውን ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር እንደገና አይፈጥርም።

የሊኑክስን ኮድ የከፈተ ይህንኑ ያገኛል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው ለ386 ማሽን ብቻ ነበር። ሌሎች ማሽኖች ሲጨመሩ እያንዳንዱን የሚመለከተው ኮድ «አርች» በተባለው አቃፊ ሥር ለየብቻው ተቀመጠ፤ የፋይል አያያዙና የሥራ አደላደሉ ግን የጋራ ሆኖ ቀረ። ጊትንም ራሱ በ2005 የሠራው ይህንን ሥራ ለመያዝ ነው። ጊትን እየተጠቀሙ የተሠራበትን ዓላማ መገልበጥ ምን ይሉታል?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ። የመጀመሪያው «የጋራ ኮድ አንዱ ጋ ከተሰበረ ሁሉም ይሰበራል» ይላል። እውነት ነው፤ ይህንን አንክድም። እኛም ይህንን ፈርተን ነበር የተለያየነው። ግን ተለያይተን ምን ተረፈልን? ተሰበረ፤ መሰበሩን ያወቅነው ግን በሴትዮዋ ዕንባ ነው። በአንድ ቦታ ሲሰበር ቢያንስ ወዲያው ይታያል። ከዚያም በላይ፣ የጋራው ክፍል ከመግባቱ በፊት የሚፈተንበት ቀን ይሰጠዋል፦ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ መስከረም 1 ቀን 2016። አንዱን የሳተ ለውጥ ወደ ግንዱ አይገባም። ጥንቃቄ የሚፈልግም በስሪት ቁጥር ይያዝ፤ ስልኩ የትናንቱን ስሪት ይዞ ይቆይ፤ ኮምፒዩተሩ የዛሬውን ይሞክር። ዋናው ነገር በየትኛው ስሪት ላይ እንዳለን ማወቃችን ነው።

ሁለተኛው «ኮዴ እንጀራዬ ነው፤ ለምን አካፍላለሁ?» ይላል። ለዚህ ሰው የምንለው አጭር ነው። የሚሸጥ ብልሃት ካለህ ሽጠው፤ ማንም አይከለክልህም። ጳጉሜንን ግን ልትሸጥ አትችልም፤ የአንተ አይደለችም።

ሦስተኛው ከበድ ያለ ነው፤ ከመምህራን በኩል ይመጣልና። ኮድ ከተጋሩ ማን ሠራው፣ ማን ገለበጠ አይታወቅም ይባላል። ስለዚህ የመመረቂያ ሥራ እያንዳንዱ ቡድን ከባዶ ይጀምራል፤ በጥራዝ ይታተማል፤ ሲዲ በኋላ ሽፋኑ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ መደርደሪያ ላይም ይቀመጣል። ሲዲ የሚያነብ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ዛሬ ስንት ነው? ክቡራን መምህሮቻችን፣ በአክብሮት እንናገር፤ ነገሩ ተገልብጧል። መገልበጥን የሚደብቀው ዚፑ ነው። ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ አንዳች አይናገርም። ጊት ግን እያንዳንዱን መስመር ከጸሐፊው ስምና ከቀኑ ጋር ይዞ ይቀመጣል። ሐሰተኛ ስም ሊጻፍበት ይችላል እርግጥ፤ የአራት ወር ሥራን በየቀኑ እያስመሰሉ መዋሸት ግን ከመሥራት ይከብዳል። ከአምናው ቡድን የተወሰደው ይለያል፤ ዘንድሮ የተጨመረው ይለያል፤ ማርኩም በተጨመረው ይሰጣል።

«ኢንተርኔት የለም» የሚል ደግሞ አይጠፋም። በሰኔ 2011 እና ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሳምንታት ኢንተርኔት በአገሩ ሲቋረጥ ያየን ሰዎች ነንና ሥጋቱን አንንቅም። ነገር ግን ጊትንና ጊትሃብን አናምታታ። ጊትሃብ የአንድ ኩባንያ ቤት ነው፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህም የማይክሮሶፍት ነው። ጊት ግን በእያንዳንዳችን ላፕቶፕ ውስጥ ከነሙሉ ታሪኩ ያድራል፤ መብራት ሳይኖር በባትሪ፣ መስመር ሳይኖር በጨለማ ኮሚት ይደረጋል። «ጊት በንድል» በሚለው ትእዛዝ ደግሞ ታሪኩ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ በፍላሽ ይሄዳል፤ ሲደርስም ከሌላው ጋር ይዋሐዳል። ፍላሹን ጣሉ አላልንም። በፍላሹ ቅጂ ሳይሆን ታሪክ ይጓዝበት ነው ያልነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን በራሱ ሰርቨር ላይ የጋራ ማኅደር እንዲከፍት እንጠይቃለን፤ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃል። የትምህርት ክፍሉም የመመረቂያ ሥራን ከሲዲው ይልቅ ከነታሪኩ እንዲቀበል፣ ተከታዩም ክፍል ካለፈው ላይ እንዲቀጥል እንዲፈቅድ እንጠይቃለን። እስከዚያው ግን አልተቀመጥንም። የእኛን ሦስቱን መዝገቦች በአንድ ሪፖ ሰብስበናል፤ አራት አቃፊ ነው፦ «ስልክ»፣ «ኮምፒዩተር»፣ «ዌብ» እና «ጋራ»። ቀኑን የሚቆጥረው ክፍል በ«ጋራ» ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ሰርዘናል። ስንሰርዝ እጃችን ትንሽ ተንቀጥቅጦ ነበር። ሰዓቱ ገና አልተሠራም፤ ቀናችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መቈጠሩን የሚያውቅ ክፍል ያስፈልገናል፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የገባ ሽንኩርት የየትኛው ቀን ሒሳብ እንደሆነ እኛ ራሳችን አልተስማማንም። ጋሼ የትናንቱ ነው ይላሉ፤ ሒሳብ ያዡ የዛሬው ነው ይላል።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እቤታችን ነን። ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስትወርዱ ደውሉልን፤ ወርደን እንቀበላችኋለን። የራሳችሁ የቀን መቍጠሪያ ኮድ ያላችሁ ይዛችሁት ኑ፤ በአድዋ ቀን እንፈትነዋለን። ጋሼም ጳጉሜን 2019 ሳትደርስ አንዴ አሳዩኝ ብለዋል።